በምላጭና በመላጫ መካከል ያደገ ጺም

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የወንዶች የኤሌክትሪክ መላጫ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የርስዎንና የስድስቱን ባልደረቦችዎን ጤንነት፣ በተለይም ያን ሁሉ ስብሰባ ችሎ የከረመውን የወገባችሁን ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጺምዎም እንደምን ሰንብቷል? ማክሰኞ ማክሰኞ በኮሪደሩ ሲያልፉ አየዋለሁ፤ ከርስዎ ቀድሞ በር የሚገባ፣ እስከ ሦስተኛው የሸሚዝዎ ቁልፍ የሚወርድ፣ ምላጭ ምን እንደሚመስል ሰምቶ እንኳ የማያውቅ ግርማ ያለው ጺም ነው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እመኛለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን ዕድሜውን ያስቀድምልዎ፣ ኮሚቴዎ ከሚሄድበት ፍጥነት አንጻር በጣም ያስፈልግዎታልና።

እኔ በወንዶች የረጅም ጊዜ ተኚዎች ክፍል አልጋ ቁጥር ዘጠኝ ላይ የተኛው ሰው የበኩር ልጅ ነኝ። በሙያዬ የማተሚያ ቤት ፊደል አራሚ ነኝ፤ እንጀራዬ የሰው ስህተት መልቀም ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ ሳይሆን ኋላ ላይ ስለሚያሳፍረኝ ነው።

አባቴ ሠላሳ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በጡረታ የተሰናበተ ሰው ነው። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ሳይላጭ መሪ አልጨበጠም። «ያልተላጨ ሹፌር ያየ ተሳፋሪ ፍሬኑንም ይጠራጠራል» ይል ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚያሳፍረው ሰው ባይኖርም መላጨቱን አልተወም፣ ምክንያቱም መርማሪዋ እቤት ነበረች። እናቴ ጠዋት ጠዋት በመዳፏ ከጆሮው ሥር ጀምራ እስከ አገጩ ትዳብሰውና፣ የዓመት ምርመራ ላለፈ መኪና መስተዋቱ ላይ እንደሚለጠፈው ሁሉ፣ «በል ቦሎ ሰጥቼሃለሁ፣ ውጣ» ትለዋለች። ከስድስት ዓመት በፊት ዓይኗ ሲጠፋ ባሏን የምታይበት ሌላ ዓይን አልነበራትም፤ ያው መዳፏ ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴን ስትሮክ ሲመታው ድምፁን ወሰደበት፣ ቀኝ ጎኑን ወሰደበት። ቀኝ እጁ አበጠ፤ ግራ እጁ መርፌ ተሰክቶበት በፋሻ ተጠቀለለ፤ ጠረኑ የሆስፒታል ሳሙና ሆነ። እናቴንም በዚያው ሰሞን መርሳት ጀማመራት። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የቀረው መታወቂያ ጉንጩ ብቻ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እኔው በምላጭ ላጨሁት፤ እናቴም መጥታ ዳበሰችውና «ከሳህ እንጂ አንተው ነህ» አለችው። ከዚያ ሐኪሙ ደም ማቅጠኛ አዘዘ። በነገታው አገጩ ላይ ያረፈች አንዲት ጭረት ከጠዋት እስከ ቀትር ስትደማ ዋለችና ምላጭ ተከለከለ፤ የሚፈቀደው የኤሌክትሪክ መላጫ ብቻ ሆነ። ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ ከኦክስጅኑ መሣሪያ ጋር እንዳይጣላ በሚል በክፍሉ በር ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ታግዷል። ስለዚህ ሆስፒታሉ ራሱ አንድ ጥሩ መላጫ መርጦ ይገዛል ተባለ። ከተባለ ዛሬ አሥር ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የተደረገልንን ሁሉ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ለመዝገብ ቤታችሁ ንቃት። የክፍሉ ሲስተር «አንተ የፊደል ሰው ነህ፣ ደብዳቤዋን አርቅቅልኝ» ብትለኝ እኔም ደረቴን ነፍቼ «ለወንዶች ክፍል አገልግሎት የሚውል የኤሌክትሪክ ምላጭ እንዲገዛልን» ብዬ ጻፍኩ። «መላጫ» ማለት ሲገባኝ «ምላጭ» አልኩ። መዝገብ ቤቱ ቃሏን ሲያያት ጺም አልታየውም፤ የታየው ጠመንጃ ላይ ያለው፣ ጣት የሚስበው ምላጭ ነው። ስለዚህም ደብዳቤዋ ለጥበቃና ደኅንነት አገልግሎት ተመራች። የጥበቃው ኃላፊ ነገሩን ሁለት ወር ከአራት ቀን በጥብቅ ምስጢር ካጠኑት በኋላ ሁለት ሰው አስከትለው ክፍላችን ድረስ መጡና፣ «ይህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምላጭ የሚገጠመው ምን ዓይነት መሣሪያ ላይ ነው? ዒላማውስ ማነው?» ብለው ሲስተርን ጠየቋት። እሷ የሰው ደም ሥር እየፈለገች ስለነበር ቀና ሳትል «ጺም» አለቻቸው። ኃላፊውም ማስታወሻቸውን አውጥተው «አቶ ጺም የሚገኘው የት ነው?» አሉ።

በሳቁ መሃል አንድ ነገር ልናዘዝ። ያቺ ስህተት የኔ ናት። የማላውቀው ሰው የጻፈውን ሦስት መቶ ገጽ አንድ ነጥብ ሳላስቀር የማርመው ሰውዬ፣ ለአባቴ በጻፍኳት አንዲት መስመር ላይ ሁለት ወር ከአራት ቀን የሚያህል ግድፈት አኖርኩ። ይህን ማንም አያርምልኝም። የቀረው ስምንት ወር ከሰባት ቀን ግን የናንተ ነው፤ የሰው ድካም አልነጥቅም።

2ኛ፦ ለበር ጥበቃችሁ ትጋት። ደብዳቤያችን ዒላማ ሲፈለግላት እኔ ሶኬት የማይፈልግ፣ በባትሪ የሚሠራ መላጫ ገዝቼ በኪሴ ይዤ መጣሁ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ዕቃዋን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ጋሼ፣ ባትሪም መብራት ነው» አለኝና ወደ አደራ ክፍል አስገባት። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ የጥበቃው ጉንጭ እንደ ታጠበ ሳህን ያበራል። ምንም ሳልለው እሱው በቅንነት፣ «ጋሼ፣ ዕቃዎት ቆንጆ ናት፤ አንገት ላይ ብቻ ትንሽ ትጎትታለች» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሁሉ ወራት ውስጥ መላጫን በሰው ፊት ላይ ሞክሮ ግልጽ የሙያ አስተያየት የሰጠ ብቸኛ የሆስፒታሉ ሠራተኛ እሱ መሆኑን ሰነዳችሁ ላይ እንዲሰፍርለት በትሕትና አሳስባለሁ።

3ኛ፦ ለሰነዳችሁ። አንድ መቶ አሥራ አራት ገጽ ያለው «የወንዶች የኤሌክትሪክ መላጫ አመራረጥ ጥናት» ለኅትመት የመጣው እኔ ወደምሠራበት ማተሚያ ቤት፣ ያረፈውም እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያረምኩትም እኔ ነኝ፤ ሁለት መቶ ስድስት የፊደል ግድፈት አቅንቼላችኋለሁ፣ የምስጋናው ገጽ ላይ ስሜ ባይኖርም አልተቀየምኩም። ከሰነዱ እንደተረዳሁት ኮሚቴው ሰባት አባላት ሲኖሩት፣ ሁለቱ ጺማቸውን ለዓመታት ያልነኩ፣ ሦስቱ ሴቶች፣ አንዱ ገና ጺም ያላበቀሉ፣ ሰባተኛው ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ፀጉር ቤት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው የሚላጩ ናቸው። ከአድልዎ የጸዳ ኮሚቴ ማለት እንዲህ ነው፤ ከጉዳዩ ጋር የጥቅም ግንኙነት ያለው አንድ ሰው አልተገኘበትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች «ለወንዶች» የምትለው ቃል የምትገልጸው ተላጪውን ነው ወይስ መላጫውን በሚለው ላይ አልፈዋል። ቀጥሎ ያለው ወር ተኩል የሄደው፣ ስለቱ በስስ ወንፊት የተሸፈነው ይሻላል ወይስ ሦስት ክብ ራስ ያለው በሚለው ነው። ሁለቱን ወገኖች በምሳ ሰዓት በካፍቴሪያው አይቻቸዋለሁ፤ ወንፊቶች በመስኮቱ በኩል፣ ክቦች በበሩ በኩል ይቀመጣሉ፣ ጨው እንኳ አይቀባበሉም። ቀለሙ ላይ ግን ፈጥናችሁ ነው የተስማማችሁት፤ ሰማያዊ ይሁን፣ ለሕሙማን ተስፋ ይሰጣል ተባለ። ናሙናዎቹ ሲመጡ ፊቱን የሚያውስ አባል ስላልተገኘ ሙከራው በተነፋ ፊኛ ላይ ተደረገ። ገጽ ሰባ ሁለት ላይ «ፊኛው በሂደቱ ያሳየው ምቾት አጥጋቢ ነበር» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ማረም ተስኖኝ እንዳለች አሳልፌያታለሁ፤ የፊደል ስህተት የለባትም።

ከዚያ ሰባታችሁም መላጫ ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ለልምድ ልውውጥ ሄዳችሁ ሦስት ቀን ሰነበታችሁ። እዚያ ሕሙማኑ በሙሉ ተላጭተው አገኛችኋቸው። መደምደሚያችሁ ግን «ልምዱ የሚያበረታታ ቢሆንም ካለንበት ነባራዊ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ መቃኘት ይኖርበታል» የሚል ሆነ። መላጫው «ቢያንስ ለሃያ ዓመት የሚያገለግል» እንዲሆንም በጥብቅ ወስናችኋል። አደንቃለሁ። ሐኪሞቹ ለክፍላችን ሰዎች ሃያ ቀን ቃል መግባት በማይደፍሩበት ጊዜ፣ ለሃያ ዓመት የሚያስብላቸው ሰው መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

4ኛ፦ ይህኛው በሰነዳችሁ ውስጥ የለም፤ ገጽም አይበቃውም።

ምላጩ በተከለከለ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ እንደ ልማዷ መጥታ መዳፏን ወደ ጉንጩ ሰደደችና እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበችው። «ምን ነካችሁ? ይሄ የሰው ባል ነው!» አለች። እህቴ «እማዬ፣ አባባ ነው እኮ፣ ጺሙ አድጎ ነው» ብትላት፣ «የኔ ባል ጺም የለውም። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የማላውቀው ጺም ዛሬ ከየት መጣ? ሚስቱ ሳትደርስብኝ ከዚህ አውጡኝ፤ በስተርጅና ስሜን ልታስጠፉት ነው» አለችና ሻርፗን ሰብስባ ተነሣች። የአልጋ ቁጥር ስድስቱ ሽማግሌ ቀልደኛ ናቸው፤ «የኔን ቢዳብሱት ግዴለም እመቤቴ፣ ሚስቴ ከሄደች ቆይታለች» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። አባቴም መሳቅ በቀረው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። በዚያ ቀን ሁላችንም ስቀናል፤ መላጫው በሳምንት ውስጥ ይመጣል ብለን ነበራ።

በሳምንቱ አልመጣም። በመቀስ ብናሳጥረው ብሶ ገለባ ሆነ። እህቴ «ተላጭቷል» ብላ ዋሽታ ብታመጣት እናቴ በጣቷ ጫፍ ነክታ «እናንተ ልጆች ነውር አታውቁም» አለችና ከዚያን ቀን በኋላ እጇን ሰድዳ አታውቅም። እቤት ስትሆን ግን ትጠይቀናለች። «ባሌን የት አደረሳችሁት?» ትላለች። «ሆስፒታል ነው፤ እሑድ አይተሽው ነበር» ስንላት ትቆጣለች። በአራተኛው ወር ላይ መጠየቁን ተወችው። ምክንያቱን ያወቀችው መስሏት ነው፤ ለጎረቤት ስትናገር ሰማኋት። «ዕውር መምራት ሰልችቶት ሄደ። ልጆቹ ያውቃሉ፣ እንዳይከፋኝ ብለው ይደብቁኛል። ይሁን፣ ብዙ ዘመን ችሎኛል» አለች።

ክቡር ሆይ፣ ያን ሰሞን እናንተ ቀለም ላይ ነበራችሁ።

እሑድ እሑድ ወደ ሆስፒታል መምጣቷን ግን አላቋረጠችም። «ያ ሰው ጠያቂ የለውም፣ ያሳዝነኛል» ትላለች። ያ ሰው ማለት አልጋ ቁጥር ዘጠኝ ነው። ወንበሯን አስጠግታ ትቀመጥና «እንዴት ሰነበቱ ወንድሜ? ዛሬም ሚስትዎ አልመጣችም?» ትለዋለች። አርባ ስድስት ዓመት «አንተ» ስትለው የኖረችውን ሰው «እርስዎ» ትለዋለች። እኔ በሥራዬ «አንተ» የሚለውን «እርስዎ» ብዬ ያረምኩት ከቁጥር በላይ ነው፤ አክብሮት ይባላል። ይህን እርማት የሰማሁ ቀን ግን ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ የናንተን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ቆየሁ፤ የተለጠፈውን ሁሉ ጨርሼ የእሳት ማጥፊያውን አጠቃቀም ደግሜ አነበብኩ።

ብርቱካን ትልጥለታለች፤ ዘሩን አውጥታ ክፋይ ክፋዩን ለያይታ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፣ የሰው ባል በእጅ አያጎርሱማ። ስለ ባሏም ታጫውተዋለች። «የኔው ጥሎኝ ጠፋ ወንድሜ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም። ሹፌር ነበር። እርስዎስ ሥራዎ ምን ነበር?» ትለዋለች። አባቴ የሚመልስበት አንደበት የለውም። በግራ ዓይኑ ብቻ ያለቅሳል፤ እንባው ወደ ጺሙ ይገባል። ዓይኗ ስለማያይ፣ መዳፏም ስለማይደርስ አታውቅም። አንድ እሑድ «እስቲ በሞቴ፣ እርስዎ ቢሆኑ ሚስትዎን ዓይኗ ስለጠፋ ይጥሏታል?» ብላ ጠየቀችው። በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን እየጎተተ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረው። ጥቂት ታገሠችለት። ከዚያም እጇን በትሕትና አውጥታ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ወንድ ሁሉ እንደርስዎ በሆነ» አለችው።

አምስተኛና ስድስተኛ የምለው ነበረኝ፤ ስለ ሶኬቱ ስፋትና ስለ ጨረታው። ተውኩት። ከዚህ በኋላ ቁጥር መቁጠር አልሆነልኝም።

ባለፈው ማክሰኞ በወርቃማ ቀለም የታተመ ጥሪያችሁ ደረሰን። መላጫው መመረጡን፣ ከወንፊቱም ከክቡም የተውጣጣ ሁለት ራስ ያለው መሆኑን፣ በወሩ በሃያ ሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሪባን ተቆርጦ ሥራ እንደሚጀምር አነበብን። ባለ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ «በጺም ርዝመት ቀዳሚ በመሆናቸው» የመጀመሪያው ተላጪ ሆነው ተመርጠዋል ይላል። ከታች ደግሞ በደማቁ፣ ለፎቶግራፉ ጥራት ሲባል ጺማቸው እስከዚያ ቀን ድረስ እንዳይነካ ቤተሰቡ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያሳስባል። ክቡር ሆይ፣ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባዎ። ጥንቃቄ ሲደረግለት አሥር ወር ሆኖታል።

ጥሪው እንደ ደረሰን እህቴና እኔ ተጣላን። እሷ «ይላጭ! አንድ ቀን እንኳ ታግኘው፤ ባሏ እንዳልጣላት አውቃ ትረፍ» አለች። እኔ ደግሞ እንዲህ አልኳት፦ ስታገኘው «አሥር ወር ሙሉ የት ነበርክ?» ትለዋለች፤ በምን አንደበቱ ይመልስላታል? ጉንጩስ ቢሆን የድሮው ጉንጭ ነው ወይ? ሥጋው አልቆ አጥንቱ ወጥቷል፤ ዳብሳ «አይደለም» ብትልስ? በዚያ ላይ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዛ የምትሄድለት ያ ወንድሟ፣ ሁሉን የምታጫውተው ባለ ጺም ሰው፣ የት ሄደ ልንላት ነው? ባሏን ፍለጋ ወዳጇን እናሳጣታለን። እህቴ አለቀሰች። ሐኪሙ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ለብቻችን ጠርቶ የነገረንን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ከእንግዲህ ዕድሜው የሚቆጠረው በሳምንት ነው ብሎናል።

በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ ይጠየቅ ተባባልን። እሑድ ዕለት እናቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ሲስተር መጥታ ጎንበስ አለችና፣ «አባባ፣ መላጫው መጥቷል። መላጨት ይፈልጋሉ? አዎ ከሆነ ዓይንዎን አንዴ ይጨፍኑልኝ» አለችው። አልጨፈነም። እኔን አየ፣ እህቴን አየ፣ እናቴን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ያን በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አነሣና ጺሙን ሸፈነው። ሲስተር አልገባት ብሎ «አባባ፣ አይነካዎትም እኮ፣ አያደማም» ብላ ጥያቄዋን ስትደግም፣ እናቴ ከወንበሯ ሆና ጮኸችባት። «ምን አስቸገራችሁት ሰውየውን! ጺሙ የራሱ ነው፤ ካልፈለገ ተዉታ! ሰው የለውም ብላችሁ ነው?» አለች። አባቴ ዓይኑን የጨፈነው ያኔ ነው።

እንግዲህ የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይ ይህ ነው፦ የአልጋ ቁጥር ዘጠኝ ባለቤት በሃያ ሦስተኛው ቀን የማይላጩ መሆናቸውን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሰባት ሰዎች በፊኛ፣ በጉዞና በመቶ አሥራ አራት ገጽ የመረጡትን፣ እሳቸው በአንድ የታሰረ እጅ መርጠው ጨርሰዋል። እስከዚያ ቀን ይቆዩ አይቆዩም የማውቀው ነገር የለም፤ ቢቆዩም እሑድ ጠያቂ አለባቸው፣ ጠያቂያቸውም ባለ ጺሙን ሰው ትፈልጋለች።

ኮሚቴዎ እናቴን ከሰው ባል ጋር ስላስተዋወቀልኝ፣ እኔንም በአባቴ ፊት ምን ብዬ እንደምጠራው የማላውቅ ልጅ ስላደረገኝ፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እናቴ ባለችበት «አባባ» ስለው «ማንን ነው አባባ የምትለው?» ትለኛለችና፣ እኔም አሁን አሁን «እርስዎ» እለዋለሁ።

ዕውቀታችሁ አይደብዝዝ፣ ስብሰባችሁ አይጉደል፣ ወንፊቶችም ክቦችም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣችሁ ጨው ለመቀባበል ያብቃችሁ እያልኩ፣ ለመዝገብ ቤቱ ሁለተኛ ሥራ እንዳላበዛ ፊደሎቼን ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ካረምኩ በኋላ፣ ስለ ቀናው ነገር በናንተ፣ ስለ ጠመመው በራሴ ስም እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ አክባሪ፣
የአልጋ ቁጥር ዘጠኝ የበኩር ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ከጥሪው ጋር ባያያዛችሁት የተላጪዎች ዝርዝር ውስጥ ተራ ቁጥር ሁለት ላይ የሰፈሩት የአልጋ ቁጥር አሥራ አንድ ሰው ካረፉ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ልጆቻቸው ስለለመኑ አስከሬን የሚያጥቡት ሰውዬ በአምስት ደቂቃ አጽድተው ላጭተዋቸዋል፤ አልደሙም፣ ኮሚቴም አልተጠየቀም። ስለዚህ ዝርዝሩ ይታረም።